ዊንዶውስ 10 አበቃለት፤ ሊኑክስን ከየት ልጀምር?

የደሴው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ኮምፒውተር ላይ ማይም አይደለሁም፣ ባለሙያም አይደለሁም። ፈተና እተይባለሁ፣ የተማሪ ውጤት ኤክሴል ላይ እደምራለሁ፣ ቴሌግራም እከፍታለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ላፕቶፔ ሁለተኛ እጅ የተገዛች ናት። ኮር አይ 5፣ 5ኛ ጄኔሬሽን፣ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ። ያለባት ዊንዶውስ 10 ነው። የእሱ መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አብቅቷል። 11ን ልጫን ስል ኮምፒውተርህ አይመጥንም አለኝ። አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ባሳይ ልጁ ገልበጥ አድርጎ አያትና "ጋሼ፣ ይቺን ሽጠው አዲስ ይግዙ" አለኝ። በየትኛው ደሞዝ?

አንድ ባልደረባዬ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሊኑክስ የሚባል አለ፣ በነፃ ነው አለኝ። ዩቲዩብ ገባሁ። አንድ ልጅ ጥቁር ስክሪን ላይ እንደ መትረየስ ይተይባል። ሁለት ደቂቃ አይቼ ዘጋሁት፤ ዳታዬ አሳዘነኝ።

እንደኔ ላለ ሰው የትኛው ሊኑክስ ይሻላል? መሠረታዊ የሚባለው ነገርስ ምንድን ነው፣ ምን ያህሉን ባውቅ ሥራዬን እሠራለሁ? ሌላም ጣጣ አለብኝ። ባለቤቴ በዚችው ላፕቶፕ የአንድ ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ ትይዛለች። የ10 ዓመት ፈተናዎቼ ደግሞ ግማሾቹ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተተየቡ ናቸው። ኢንተርኔቴ የስልክ ጥቅል ብቻ ነው። እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ዋልያ 404፦

ሊኑክስ የምርህን መማር ከፈለግክ አርች የሚባለውን ዓይነት ጫን። ሁሉንም በእጅህ ትሠራዋለህ፣ በሁለት ሳምንት ትበስላለህ። ሚንት፣ ኡቡንቱ ምናምን የሕፃን ጨዋታ ነው።

እናት ቦርድ፦

ዋልያ፣ ሰውየው መንጃ ፈቃድ ላውጣ ቢልህ ሞተር አስፈትተህ ልታስተምረው ነው? ተው እንጂ።

መምህር፣ አንቱ ልበል አንተ ልበል ግራ ገብቶኝ ነበር። እዚህ ቤት ሁላችንም አንተ አንቺ ስለምንባባል አንተ አልኩ፤ ቅር እንዳይልህ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን 9 ዓመት ሆነኝ። ያንተ ዓይነት ላፕቶፕ በሳምንት ሦስት አራት ይመጣልኛል። አትሽጣት። ገንዘብ ካለህ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገባላት፣ አንድ 4 ጊጋ ራም ጨምርላት። ከዚያ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ጫን። ሚንት በሦስት መልክ ይወጣል፣ ይኸኛው ቀላሉ ነው። ገንዘብ ባይኖርህም በ4 ጊጋ ይሄዳል፤ ብቻ ብሮውዘር ላይ 20 ገጽ አትክፈት። የሚንት 22 ድጋፍ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ነው። እግረ መንገዴን፣ እያንዳንዱ ሚንት የሴት ስም አለው፤ 22 ዊልማ ናት። ደንበኛዬ "ዊልማ ማናት?" ብሎኝ ያውቃል።

ኡቡንቱም ጥሩ ነው። ግን የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ ሚንቱ ወደ 3 ጊጋ። በስልክ ጥቅል ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። እንዲያውም ዙሪያህን ብትጠይቅ ፋይሉ ያለው ሰው አይጠፋም፤ በፍላሽ ተቀበለው። ሕጋዊ ነው፣ መገልበጥ ይፈቀዳል። ክራክ ምናምን የሚባል ነገር እርሳው።

ፍላሹ ላይ ግን ዝም ብለህ ኮፒ ብታደርገው አይነሳም። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ ወድቋል! ሩፈስ የሚባል ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፣ በእሱ ነው ፍላሹ ላይ የሚጻፈው። ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የልጆችህን ፎቶ አስቀድመህ አውጣ። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍተህ ስታበራ ኤፍ 12 ደጋግመህ ምታ። አንዳንዱ ላይ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው። ፍላሹን ምረጥ፣ ሚንት ከፍላሹ ላይ ይነሳልሃል። ዴስክቶፑ ላይ "ኢንስቶል" የሚል አለ። እሱን አትንካው። ለሦስት አራት ቀን እንዲሁ ከፍላሹ ተለማመድ። ሃርድ ዲስክህን አይነካም። ቀርፈፍ ይላል፣ ስታጠፋው የሠራኸው ይጠፋል። ግን ድምፁ፣ ዋይፋዩ፣ ስክሪኑ መሥራቱን ታያለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈተና ለመተየብ ጥቁሩን ስክሪን አንድም ቀን ላትከፍተው ትችላለህ። ሜኑ አለ፣ አይጥ አለ፣ ሁሉም ነገር በክሊክ ይሆናል። ሊብሬ ኦፊስ አብሮ ይመጣል፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። መልኩ አንዳንዴ ይዛነፋል። ለርዕሰ መምህሩ ስትልክ ፒዲኤፍ አድርገህ ላክ። ቴሌግራምም አለው።

አንድ ነገር ግን ሳይገባህ ብትጀምር በየቀኑ ትናደዳለህ። ፋይል የት ነው ያለው? ሲ ድራይቭ፣ ዲ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ከአንድ ሥር ይነሳል። ሥሩ የምትጻፈው አንዲት ዘንበል ያለች ሰረዝ ተደርጋ ነው። ከሥሩ "ሆም" የሚባል ቅርንጫፍ አለ፣ ከሆም ስር በስምህ አንድ ቤት አለህ። ያንተ ግዛት እሱ ነው። ፍላሽ ስትሰካ ኢ ወይም ኤፍ ሆኖ አይመጣም። "ሚዲያ" የሚባል ፎልደር ስር ይንጠለጠላል። "ኢቲሲ" የሚባለው ውስጥ የሲስተሙ መቼቶች ናቸው፤ እዚያ አትንጎራደድ።

ጂኦግራፊ መምህር ነህ፣ ካርታ ሥራህ ነው። ተርሚናሉንም፣ ማለትም ያን ጥቁር ስክሪን፣ እንደ ካርታ እየው። ኮንትሮል፣ አልት እና ቲ አንድ ላይ ስትመታ ይከፈታል። ይህን የምጽፈው በስልክ በአማርኛ ኪቦርድ ስለሆነ ትእዛዞቹን በአማርኛ ልጥራቸው፤ አንተ በትንንሹ ላቲን ምታቸው። ፒደብልዩዲ ብትለው "ያለሁት የት ነው?" ማለትህ ነው። ኤልኤስ ስትለው ዙሪያህ ያለውን ይዘረዝርልሃል። ሲዲ ብለህ የፎልደር ስም ከጻፍክ ወደዚያ ትሄዳለህ። ሲዲ ብለህ፣ ስፔስ ሰጥተህ፣ የላቲኗን ነጥብ ሁለት ጊዜ ብትመታ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ትወጣለህ። የመጀመሪያው ሳምንት ይሄን ብቻ ተለማመድ። ሲዲ፣ ኤልኤስ፣ ፒደብልዩዲ። ሂድ፣ እይ፣ የት እንዳለህ ጠይቅ። ምንም አታበላሽም።

አድራሻ በሁለት መንገድ ይነገራል። ከሥሩ ጀምረህ ከጻፍክ የትም ብትሆን ይሠራል፤ "ኢትዮጵያ፣ ወሎ፣ ደሴ፣ ፒያሳ" እንደማለት ነው። ያለ ሥሩ ከጻፍክ ግን ካለህበት ነው የሚቆጥረው። "ትንሽ ዝቅ ብሎ በስተግራ" የሚባለው ዓይነት። ፒያሳ ቆመህ ከሆነ ትደርሳለህ፣ ቧንቧ ውሃ ቆመህ ከሆነ ሌላ ሰው ቤት ትገባለህ። "ኖ ሳች ፋይል" የሚለው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ወይም ከትልቅና ትንሽ ፊደል። ሊኑክስ በትልቁ ኤፍ የሚጀምር "ፋይል" እና በትንሹ የሚጀምረውን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው የሚያምነው።

ደግሞ ሁሉንም አትተይብ። የስሙን ሁለት ሦስት ፊደል ጽፈህ ታብ ምታ፣ ይሞላልሃል። ያ ዩቲዩብ ላይ ያየኸው መትረየስ ግማሹ ታብ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ኤምኬዲር (ፎልደር መፍጠሪያ)፣ ሲፒ (መቅጃ)፣ ኤምቪ (ማዛወሪያ፣ ስም መቀየሪያም እሱው ነው) ታክላለህ። አርኤም የሚባል መሰረዣም አለ። እሱ ላይ ልቆይ። አርኤም የሰረዘው ትራሽ ውስጥ አይገባም። እኔ በጀማሪነቴ ስማቸው "አሮጌ" ብሎ የሚጀምር ፎልደሮችን ላጠፋ ፈለግኩ። አርኤም፣ ሰረዝ አር፣ ከዚያ አሮጌ ብዬ ኮከብ ምልክቷን ማጣበቅ ነበረብኝ። በመሃል አንዲት ስፔስ ገባች። ስፔስ ከገባች ኮከቧ ለብቻዋ ቆመች፤ ለብቻዋ ስትቆም ትርጉሟ "እዚህ ያለውን ሁሉ" ነው። የወንድሜ የምርቃት ፎቶ እዚያ ነበር። እንተር ከመታሁ በኋላ ዝም አለ። ሊኑክስ ነገሩ ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው። ፎቶውን እህቴ ስልክ ላይ ግማሹን አገኘሁት፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ስለዚህ ለጊዜው ፋይል በአይጥ ሰርዝ።

ሱዶ የሚባል ነገር ታያለህ። ከትእዛዙ ፊት ከገባ "እንደ ባለቤት ሆነህ ፈጽም" ማለት ነው፣ ፓስወርድ ይጠይቅሃል። ኡቡንቱ ላይ ለብዙ ዓመት ፓስወርዱ ሲጻፍ ኮከብ እንኳ አይታይም ነበር። አንድ ደንበኛዬ ኪቦርዴ ሞተ ብሎ አዲስ ገዝቶ መጥቷል። ሚንት ኮከብ ያሳይሃል፣ ከዚህ ድንጋጤ ተርፈሃል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኸውን ሱዶ ያለበት ትእዛዝ ግን ሳይገባህ እንዳትለጥፍ።

ፕሮግራም የሚጫነው ከሶፍትዌር ማናጀር ነው፣ ወይም በተርሚናል ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ብለህ ስሙን ትጽፋለህ። ኤፒቲ አፕዴት ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያድሰው፣ ፕሮግራሞቹን የሚያድሰው አፕግሬድ ነው። የመጀመሪያው አፕግሬድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ይበላል፤ የሌሊት ጥቅል ገዝተህ አድርገው።

ሲጨንቅህ ደግሞ ማን አለ። በላቲን ኤም፣ ኤ፣ ኤን። ማን ብለህ ትእዛዙን አስከትል፣ ማን ኤልኤስ፣ ማን ሲፒ። የዚያን ትእዛዝ መመሪያ ያወጣልሃል። በአማርኛ ለሚያስብ ሰው የማይረሳ ስም ነው፤ ጥያቄ ሲኖርህ "ማን?" በል።

ቀስ በቀስ፦

እናት ቦርድ ሁሉንም ጨረሰችው፣ እኔ የተረፉትን ሁለት ጣጣዎች ልውሰድ።

ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ በዘዴ ለማስኬድ የሚሞክሩ አሉ። የሰው ሒሳብ የያዘ ፋይል ላይ ግን ሙከራ አይደረግም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጫን። ሚንት ሲጫን "ከዊንዶውስ ጎን" የሚል ምርጫ ይሰጥሃል፣ 100 ጊጋ ያህል ለሊኑክስ ስጠው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛውን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። የባለቤትህን የፒችትሪ ዳታ ባክአፕ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ ፋስት ስታርታፕ የሚለውን አጥፋው። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ በደንብ አይዘጋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ሊኑክስ ያንን ሲያይ የዊንዶውሱን ዲስክ ማንበብ ብቻ ይፈቅድልሃል፣ መጻፍ ይከለክልሃል። ዊንዶውሱ ድጋፍ ስለሌለው ለፒችትሪ ብቻ ይሁን፣ ኢንተርኔት አትክፈቱበት።

የፎንቱ ነገር። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የጋራ በሆነው ኮድ የተሠሩ፣ አይደሉም። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፣ ፎንቱ ነው ግዕዝ የሚያስመስለው። ፎንቱ በሌለበት ስትከፍተው ጥያቄ ምልክትና የላቲን ዝባዝንኬ ታያለህ። አትደንግጥ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ዊንዶውሱ ላይ ያለውን የፎንት ፋይል ገልብጠህ ሊኑክስ ላይ ብትጭነው ፈተናህ ተመልሶ ይነበባል። ግን እያደር ወደ ዩኒኮድ ቀይራቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ነው፣ እስከ መቼ በድሮው ፎንት? አዲሱን በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት ተይብ።

ለመተየብ አይባስ እና አይባስ ኤም17ኤን የሚባሉትን ጫን፤ ከዚያ ከዝርዝሩ አማርኛ ምረጥና ወጥተህ ግባ። አጻጻፉ በድምፅ ነው። ኤስ እና ኢ ስትመታ ሰ ይሆናል። ትንሿ ቲ ት ናት፣ ትልቋ ጥ። ትንሿ ሲ ች፣ ትልቋ ጭ። ሽ ኤክስ ላይ ነው፤ እሱን ለመልመድ እኔ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ዋልያ 404፦

እሺ እሺ፣ ሚንት ይሁን። ግን መምህር፣ ታሪኩንም እወቀው። ተማሪ ይጠይቅሃል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ላይ ሞተሩን፣ ማለትም ከርነሉን ጻፈ። ለመዝናናት ነው የምሠራው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ነበር። ኤልኤስ፣ ሲፒ ምናምን የሚባሉት መሣሪያዎች ግን ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ካደረገው ከግኑ ፕሮጀክት የመጡ ናቸው። ኪስህ ውስጥ ያለው አንድሮይድም ያንኑ ከርነል ነው የሚጠቀመው። ሊኑክስ አላውቅም ትላለህ እንጂ ስትጠቀምበት ኖረሃል።

የደሴው መምህር፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ፤ የፈተና ጊዜ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ያላችሁትን አድርጌአለሁ።

ፋይሉን ከአንድ የአይሲቲ መምህር በፍላሽ አገኘሁ። በኤፍ 12 ተነሳ። ስክሪኑ፣ ድምፁ ሠራ፤ ዋይፋይ የሚባል ግን የለም። ምልክቱም የለም። አንድ ቀን ሙሉ ተበሳጨሁ። በኋላ ልጄ ስልኳን በኬብል ሰክታ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አበራችው። ወዲያው ኢንተርኔት ገባ። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር የሚለውን ከፍቼ ያመለከተኝን ጫንኩ፣ ሲጠፋና ሲበራ ዋይፋዩ መጣ። የ7ኛ ክፍል ልጅ ናት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ጫንኩ። በማግስቱ ባለቤቴ ዊንዶውሱን ስትከፍት ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዷል። እኔ "የፈረንጅና የሐበሻ አቆጣጠር ተምታቶበት ነው" አልኳት። እሷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ቁጥር አያመልጣትም። "እሱ ቢሆን 6 ሰዓት ነበር የሚለየው፣ ይሄ 3 ነው" አለችኝ። ምንድን ነው?

ከዚህ በተረፈ ኤልኤስ እና ሲዲ ላይ ጎበዝ ሆኛለሁ። ኤምኬዲር ብዬ "10ኛ ክፍል" የሚል ፎልደር ልፈጥር ስል "10ኛ" የሚባል አንድ፣ "ክፍል" የሚባል ሌላ፣ ሁለት ፎልደር ወለደልኝ። ስቄ ልሞት። ግን በአማርኛ ስም መቀበሉን ወደድኩለት።

ቀስ በቀስ፦

ባለቤትህ ልክ ናት። 3 ሰዓቱ የእኛ ሀገር ከግሪንዊች የሚቀድምበት ነው፤ ይሄን እንኳ አንተ ለእኛ ታስረዳለህ። ሊኑክስ የኮምፒውተሩን የውስጥ ሰዓት በግሪንዊች ይሞላዋል፣ ሲያሳይህ 3 ይደምርበታል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ሰዓት የሀገር ውስጥ ነው ብሎ ሳይደምር ያሳያል። አንዱን ማስማማት ነው። ተርሚናል ላይ ታይምዴትሲቲኤል፣ ስፔስ፣ ሴት ሎካል አርቲሲ፣ ስፔስ፣ 1። "ሴት ሎካል አርቲሲ" በመሃሉ ስፔስ የለውም፣ በሰረዝ ነው የሚያያዘው። ከዚያ የዊንዶውሱን ሰዓት አንዴ አስተካክለው።

ስፔስ ያለበትን ስም ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ክተተው። ያኔ አንድ ፎልደር ይሆናል።

የደሴው መምህር፦

ሰዓቱ ተስተካከለ። ባለቤቴ "አሁን ሰው ሆነ" ብላለች። የ10ኛ ክፍልን የመጨረሻ ፈተና ሚንት ላይ ተይቤ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ ሰጥቻለሁ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ያ ነው የፈለግኩት።

አንድ አስቸኳይ ጥያቄ ብቻ። እናት ቦርድ እንዳልሽው ማን ሲፒ ብዬ መመሪያውን ከፈትኩ። አነበብኩ፣ ገባኝም። መውጣት ግን አቃተኝ። ኢስኬፕ መታሁ፣ እንቢ። ኮንትሮል ሲ መታሁ፣ እንቢ። ኤግዚት ብዬ ጻፍኩ፣ ከታች በኩል የሆነ ነገር ብልጭ አድርጎ ዝም። ቡና ተፈልቶ በረካው ደርሷል፣ እሱ እዚያው ነው። ይህን የምጽፈው በስልኬ ነው። መስኮቱን በግድ ልዝጋው እንዴ?

እናት ቦርድ፦

ኪው። ኪውን ብቻ ምታት። መናገሩን ረስቼው ነው፣ አፉ በለኝ።